ምልክቱ ለምን ይዞራል?

በማባዛትና በማካፈል ስለሚፈቱ ያለእኩልነቶች ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ሊፍት ውስጥ ስትገቡ ከቁልፎቹ አጠገብ የተለጠፈች አነስተኛ ጽሑፍ ታያላችሁ። በብዙ ሕንፃዎች ውስጥ «630 ኪሎ ግራም፣ 8 ሰው» ትላለች። የሊፍት መሐንዲሶች የአንድን ሰው ክብደት በአማካይ 75 ኪሎ አድርገው ይይዙታል። 8ን በ75 ብናባዛ ግን 600 እንጂ 630 አይመጣም። ታዲያ ቀሪዋ 30 ኪሎ የት ገባች? የዛሬውን ትምህርት ከእሷ እንጀምር።

ሊፍቱ ውስጥ አሁን ስንት ሰው እንዳለ ጽሑፏ አታውቅም፤ ልታውቅም አትፈልግም። ሥራዋ ወሰን መናገር ነው። የተሳፋሪዎቹን ቁጥር «ሰ» ብንለው፣ የምትለው እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦

75ሰ ≤ 630

የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያለውን አባባል ያለእኩልነት ይሉታል። በትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜያችንን የምናሳልፈው ከእኩልነት ጋር ነው፤ «ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ አንድ ቁጥር ይመለሳል፣ አስተማሪው ያርማል። ከትምህርት ቤት ስንወጣ የሚገጥመን ጥያቄ ግን ባብዛኛው ሌላ ነው። ደመወዙ እስከ ወር መጨረሻ ያደርሳል ወይ? ድልድዩ ይህን መኪና ይችላል ወይ? መድኃኒቱ ለልጁ ከዚህ በላይ ይሰጣል ወይ? ለእነዚህ ሁሉ መልሱ ሰፊ ነው፤ ብዙ ቁጥሮች በአንድነት ልክ ይሆናሉ።

ወደ ሊፍቱ እንመለስ። ሁለቱንም ወገን ለ75 እናካፍል፦

ሰ ≤ 8.4

0.4 ሰው የለም። ስለዚህ ሊፍቱ የሚችለው 8 ነው፤ የጠፋችው 30 ኪሎም ያቺው 0.4 ናት፤ 30 ሲካፈል ለ75። ይህን በቁጥር መስመር ላይ ስናሳየው ከ0 እስከ 8 ባሉት ድፍን ቁጥሮች ላይ ብቻ ዘጠኝ ነጠብጣቦች እናደርጋለን። ሊፍቱ የሚጭነው ሰው መሆኑ ቀርቶ 75 ኪሎ ሲሚንቶ የሚይዝ በርሜል ቢሆንና በርሜሉን ጎዶሎ አድርጎ መጫን ቢፈቀድ ኖሮ፣ ነጠብጣቦቹ ይቀሩና ከ0 እስከ 8.4 ያልተቋረጠ መስመር እናደምቅ ነበር። ጫፉ ላይ 8.4 ራሱ ስለሚፈቀድ ክቡ ይጠቆራል። ጫፉ የማይፈቀድ ቢሆን፣ ማለትም ምልክቱ < ብቻ ቢሆን፣ ክቡ ባዶ ይተዋል። በግራፉ ላይ ያለው ምሥጢር ይኸው ነው፤ የተሞላ ክብ «እኔም አለሁበት» ይላል፣ ባዶ ክብ «እስከ እኔ ድረስ፣ እኔን ሳይጨምር» ይላል።

ጎደሎውን ቁጥር ወዴት እንደምናስጠጋው ደግሞ ጉዳዩ ራሱ ይወስናል። 160 ኩንታል እህል አለ፣ 50 ኩንታል የሚጭን አንድ ኢሱዙ አለ እንበል። የጉዞውን ብዛት «ጉ» ብንል 50ጉ ≥ 160 ይሆናል፤ ስናካፍል ጉ ≥ 3.2። የማጠጋጋት ሕግ ያጠና ልጅ 3 ነው ብሎ ይሰጣችኋል፤ 10 ኩንታል እህል ግን ሜዳ ላይ ቀረ። መልሱ 4 ነው። ሊፍቱ ወደ ታች አስጠጋን፣ መኪናው ወደ ላይ። ምልክቱን የሚያነብ ሰው ለሁለቱም የተለየ ሕግ መሸምደድ አያስፈልገውም።

እስካሁን ያካፈልነው ለፖዘቲቭ ቁጥር ነው፤ ምንም ችግር አልገጠመንም። ለምን እንዳልገጠመን ግን እንይ። የቁጥር መስመሩን ዜሮ ላይ በሚስማር እንደተቸነከረ ላስቲክ አስቡት። ሁሉንም ቁጥር በ3 ማባዛት ላስቲኩን በሁለቱም ወገን ሦስት እጥፍ መሳብ ነው፤ ለ75 ማካፈል መልሶ ማኮማተር ነው። ተሳበም ተኮማተረም፣ በግራ የነበረው በግራ፣ በቀኝ የነበረው በቀኝ ይቆያል። «ያንሳል» ማለት በመስመሩ ላይ «በግራ ነው» ማለት ስለሆነ፣ ምልክቱ የሚነካበት ምክንያት የለም። በክፍልፋይም ማባዛት ያው ነው፤ በአንድ አራተኛ ማባዛት ያኮማትራል እንጂ አያዞርም።

በኔጌቲቭ ቁጥርስ? በ−1 ማባዛት ላስቲኩን በሚስማሩ ዙሪያ ግማሽ ዙር ማዞር ነው። 2 የነበረበት ወደ −2 ይሄዳል፣ 5 የነበረበት ወደ −5። 2 ከ5 በስተግራ ነበር፤ ከዞረ በኋላ −2 ከ−5 በስተቀኝ ተገኘ። 2 < 5 ነበር፤ −2 > −5 ሆነ። በ−3 ማባዛት ደግሞ ማዞርም መሳብም ነው። ተማሪዎች «በኔጌቲቭ ስታባዛ ወይም ስታካፍል ምልክቱን አዙር» እየተባሉ የሚሸመድዱት ሕግ ከዚህ የወጣ ነው። የዞረው መስመሩ ነው፤ ምልክቱ የተከተለው መስመሩን ነው።

ይህን በአፋር ምድር እንየው። ዳሎል ከባሕር ወለል 125 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከዚያ በስተደቡብ ምሥራቅ ጅቡቲ ውስጥ ያለው የአሳል ሐይቅ ደግሞ 155 ሜትር ያህል። ስለ ጥልቀት ካወራን 155 > 125 ነው፤ አሳል ይበልጣል። ስለ ከፍታ ካወራን ቁጥሮቹ −155 እና −125 ይሆናሉ፣ −155 < −125፤ አሳል ያንሳል። መሬቱ አልተንቀሳቀሰም። ጥልቀትን ወደ ከፍታ የቀየርነው በ−1 በማባዛት ነው፤ «ይበልጣል» የነበረውም «ያንሳል» ሆነ።

እንዲህ ያለ መገልበጥ በሙቀት መለኪያም ላይ ደርሷል። የስዊድኑ ሳይንቲስት አንደርስ ሴልሺየስ በ1742 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው) የሙቀት መለኪያውን ሲያቀርብ ውኃ የሚፈላበትን 0፣ የሚረጋበትን 100 ብሎ ነበር። በእሱ መለኪያ ቀኑ በሞቀ ቁጥር ቁጥሩ ያንሳል። ሴልሺየስ በ1744 ሲሞት ሌሎች ገለበጡትና ዛሬ የምናውቀው መለኪያ ሆነ። ሲገለብጡት የድሮውን ቁጥር በ−1 አባዝተው 100 ጨመሩበት። መደመሩ መስመሩን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል እንጂ ቅደም ተከተሉን አይነካም፤ ያዞረው ማባዛቱ ነው።

አሁን እንፍታ። ቤተሰቡ ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ግቢ ያለው ሮቶ በቀን 40 ሊትር ያንጠባጥባል። ከ200 ሊትር በላይ እንዲጎድል አይፈለግም። ስንት ቀን መቆየት ይቻላል? የቀኖቹን ብዛት «ቀ» እንበለው። የውኃው ለውጥ በቀን −40 ነው፤ ጠቅላላ ለውጡ ከ−200 በታች እንዲወርድ አንፈልግም።

−40ቀ ≥ −200

ሁለቱንም ወገን ለ−40 ስናካፍል መስመሩ ዞረ፣ ምልክቱም ዞረ፦

ቀ ≤ 5

ከ0 ጀምሮ እስከ 5 የደመቀ መስመር፣ በሁለቱም ጫፍ የተሞላ ክብ። ማንጠባጠቡ በቀን መሀልም ስለማይቋረጥ ነጠብጣብ አይበቃም።

የሕጉ ነገር ለሚያስጨንቀው ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ ብሆን ልጆችን መጀመሪያ የማስተምረው ይህኛውን ነው። በሁለቱም ወገን «40ቀ» እና «200»ን ደምሩ። በግራ 200 ይቀራል፣ በቀኝ 40ቀ፦

200 ≥ 40ቀ

አሁን ለፖዘቲቭ 40 አካፍሉ፤ 5 ≥ ቀ። ምልክቱን ማንም አላዞረውም፤ መልሱ ግን ያው ነው። 5 ከቀ ይበልጣል ወይም እኩል ነው ማለት፣ ቀ ከ5 ያንሳል ወይም እኩል ነው ማለት ነው። ኔጌቲቩ ወገኑን ለቆ ሲሻገር ያው መዞር በሌላ መልክ ተፈጸመ። ይህን በዐይኑ ያየ ተማሪ ሕጉን ቢረሳ እንኳ መልሶ ያገኘዋል።

አንድ በጣም የተለመደ ስሕተት አለ። 4ሀ < −12 ሲሰጣቸው ብዙዎች የመቀነስ ምልክት ስላዩ ብቻ ያዞራሉ፤ ሀ > −3 ይላሉ። ያካፈሉት ለምንድን ነው? ለ4 ነው። 4 ፖዘቲቭ ነው፣ መስመሩ አልዞረም፤ መልሱ ሀ < −3 ነው፤ በግራፍ −3 ላይ ባዶ ክብ፣ ከዚያ ወደ ግራ የማያልቅ ቀስት። የሚታየው አካፋዩ ነው፤ ተካፋዩ ኔጌቲቭ ይሁን ፖዘቲቭ አያገባንም። ጥርጣሬ የገባው ሰው ከደመቀው ወገን አንድ ቁጥር አንሥቶ ይሞክር። −5ን ብንወስድ 4 ጊዜ −5 ማለት −20 ነው፣ −20 ከ−12 ያንሳል፤ ልክ ነው። ዜሮን ብንወስድ 0 ከ−12 አያንስም፤ ስለዚህ ዜሮ ያለበት ወገን መድመቅ የለበትም። ይህ ሙከራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ በፈተና ላይ ስንቱን ነጥብ ያድን ነበር።

አንድ ሌላ ምሳሌ እንፍታ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ፊቱ ባለው ስክሪን ላይ የውጪውን ሙቀት ያያል፤ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአቪዬሽን ባለሙያዎች መደበኛ ከባቢ አየር የሚሉት ስሌት አላቸው፤ በባሕር ወለል 15 ዲግሪ፣ ከዚያ እስከ 11 ኪሎ ሜትር ድረስ በየኪሎ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ መቀነስ። የተወሰደው እንደ አማካይ ስለሆነ የእኛ አካባቢ አየር ከዚህ ይሞቃል፤ ለትምህርታችን ግን ይበቃል። ከፍታውን በኪሎ ሜትር «ፍ» ብለን፣ ከ−50 በታች የሚሆነው የት ነው ብለን እንጠይቅ፦

15 − 6.5ፍ < −50

ከሁለቱም ወገን 15 ስንቀንስ −6.5ፍ < −65። ለ−6.5 ስናካፍል ፍ > 10። ስሌቱ 11 ላይ ስለሚያበቃ ግራፉ አጭር ነው፤ 10 ላይ ባዶ ክብ፣ 11 ላይ የተሞላ ክብ፣ በመሀከላቸው የደመቀ መስመር። የመንገደኛ ጄቶች በብዛት የሚበሩት በዚሁ አካባቢ ነው። ምልክቱን ማዞር የረሳ ሰው ፍ < 10 ይላል፤ በዚያ መልስ 0 ኪሎ ሜትርም ይገባል፤ የጅቡቲ ወደብ ከ−50 ዲግሪ በታች ቀዘቀዘ ማለት ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው ወረቀቱን ቀድዶ እንደገና ይጀምራል።

ከዚህ የሚጠጥር ጉዳይ አለ፤ በጣም ጎበዝ የሚባሉትም የሚወድቁበት ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። የምናባዛበት ነገር ራሱ ያልታወቀው ቁጥር ሲሆንስ?

12/ሀ > 3

የቸኮለ ሰው ሁለቱንም በሀ ያባዛና 12 > 3ሀ፣ ስለዚህ ሀ < 4 ይላል። −1ን ሞክሩበት። −1 ከ4 ያንሳል፤ 12 ለ−1 ሲካፈል ግን −12 ነው፣ −12 ከ3 አይበልጥም። የት ላይ ተሳሳትን? በሀ ስናባዛ መስመሩ ይዙር አይዙር ሳናውቅ ነው ያባዛነው። ሀ ፖዘቲቭ ከሆነ አይዞርም፤ ሀ < 4 ይወጣል፣ ከፖዘቲቭነቱ ጋር 0 < ሀ < 4። ሀ ኔጌቲቭ ከሆነ ይዞራል፤ 12 < 3ሀ፣ ማለትም ሀ > 4 ይወጣል፤ ኔጌቲቭ ሆኖ ከ4 የሚበልጥ ቁጥር ግን የለም። ሀ ዜሮ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ትርጉም አይኖረውም። መልሱ በ0 እና በ4 መካከል ነው፣ ሁለቱም ጫፎች ባዶ ክብ። ጥያቄው «12 እንጀራ ለሀ ሰዎች ቢካፈል ለእያንዳንዱ ከ3 በላይ ይድረስ» የሚል ቢሆን ኖሮ፣ ኔጌቲቭ ሰው ስለሌለ ይህ ሁሉ ጭንቀት አይመጣም ነበር፤ መልሱ 1፣ 2 እና 3 ነው።

በዜሮ ማባዛትስ? ላስቲኩ እንዳለ ሚስማሩ ላይ ይሰበሰባል፤ 2 < 5 የነበረው 0 እና 0 ይሆናል። ማነሱም መብለጡም ይጠፋል። ስለዚህ ለያለእኩልነት ዜሮ አይጠቅምም፤ እንለፈው።

ስለ ምልክቶቹ ታሪክ ጥቂት ልበል። የእኩል ምልክትን በ1557 ያስተዋወቀው ሮበርት ሬከርድ የተባለ ዌልሳዊ ሐኪም ነው። < እና > በመጽሐፍ ታትመው የወጡት ከ74 ዓመት በኋላ፣ በ1631፣ በእንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት የአልጀብራ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሃሪየት በ1609 ጨረቃን በቴሌስኮፕ አይቶ የሳለ፣ በዚህም ጋሊሌዮን በጥቂት ወራት የቀደመ ሰው ነው፤ በሕይወቱ ግን የሒሳብ ሥራውን አላሳተመም። መጽሐፉ የወጣው ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ በወዳጆቹ እጅ ነው። ሃሪየት በእጅ ጽሑፎቹ ኔጌቲቭ መልሶችን ሲቀበል፣ መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ትተዋቸዋል። ስለዚህ ለዓለም «ያንሳል» እና «ይበልጣል»ን ያስተዋወቀው መጽሐፍ ምልክት ከሚያዞሩት ቁጥሮች ጋር ብዙም ሰላም አልነበረውም። ኔጌቲቭ ቁጥሮችን በመስመር ላይ አስቀምጦ ያስረዳው ሌላው እንግሊዛዊ ጆን ዎሊስ ነው፤ በ1685 መጽሐፉ አንድ ሰው 5 ያርድ ወደፊት ሄዶ 8 ያርድ ወደኋላ ቢመለስ −3 ላይ እንደሚገኝ ጻፈ። ከበታች ሰረዝ ያለበትን ምልክት ደግሞ ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ በ1734 ተጠቀመበት፤ የእሱ ሁለት ሰረዝ ነበረው። ነገሩ ራሱ ከምልክቶቹ እጅግ ይቀድማል። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ አርኪሜዲስ ፓይ፣ ማለትም የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ስንት እንደሆነ ቁርጡን አልተናገረም፤ 96 ጎን ባላቸው ቅርጾች ክቡን ከውስጥና ከውጭ አጥሮ፣ ከ3 ከ10/71 ይበልጣል፣ ከ3 ከ1/7 ያንሳል አለ። ያን ሁሉ ያደረገው < የምትለዋ ምልክት ከመኖሯ ከ1,800 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

አንድ ያለእኩልነት እንዲህ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ሲሰበሰቡ ምን ይሠራሉ? በ1945 አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ጆርጅ ስቲግለር አንድ ሰው ሳይጎዳ በትንሹ በስንት ገንዘብ ሊመገብ ይችላል ብሎ ጠየቀ። 77 የምግብ ዓይነቶች፣ 9 የንጥረ ነገር ዓይነቶች። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር አንድ ያለእኩልነት ነው፤ ካሎሪው በቀን ከ3,000 አይነስ፣ ካልሲየሙም፣ ቫይታሚኑም እንዲሁ። በብልሃት ሞክሮ በ1939 ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር የሚፈጅ አመጋገብ አገኘ፤ የስንዴ ዱቄት፣ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና አደንጓሬ። በ1947 የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ዳንሲግ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን በሥርዓት የሚፈታ ዘዴ አወጣ፤ ዘዴው በዚሁ ምግብ ላይ ሲሞከር 9 ሰዎች በእጅ ማስሊያ ማሽን ተቀምጠው፣ አንድ ሰው ብቻውን ቢሆን 120 ቀን የሚፈጅበትን ሥራ ሠሩ። የወጣው ቁጥር 39.69 ዶላር ነው። ስቲግለር የሳተው በ24 ሳንቲም ብቻ ነበር።

ዛሬ ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ስንሰጠው ብዙ ፕሮግራሞች ያለእኩልነቶቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ ይፈልጋሉ። «ካሎሪው ≥ 3,000» የሚለውን በ−1 ያባዙና «−ካሎሪው ≤ −3,000» ያደርጉታል። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምናውቀው መዞር ነው።

ዳንሲግ ራሱ የጻፈው አንድ ወግ አለ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሐኪሙ ክብደት ቀንስ ሲለው፣ አመጋገቡን ለኮምፒውተር ሰጠው፤ ከውኃ ውጪ ያለው የምግብ ክብደት በዝቶ ሆዱን እንዲሞላለት ጠየቀ። የወጣለት አመጋገብ ውስጥ በቀን 500 ጋሎን፣ ወደ 1,900 ሊትር ገደማ፣ ኮምጣጤ ነበረበት፤ በሰንጠረዡ ውስጥ ኮምጣጤ ውኃ እንደሌለው ተመዝግቦ ኖሯል። ኮምጣጤውን አወጣ። በማግስቱ ኮምፒውተሩ በቀን 200 የሾርባ ኩብ አዘዘለት፤ እኛ ማጊ የምንላት ዓይነት። «ከዚህ አይብለጥ» የሚል ያለእኩልነት ለኩቡ የጻፈ አልነበረም። ኩብ ≤ 3 ብሎ ጨመረ። ቀጥሎ የመጣው በቀን ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ፉርሽካ ነው፤ ለእሱም ወሰን ተጻፈ። ከዚያ ሞላሰስ መጣ። በመጨረሻ ባለቤቱ አን ነገሩን ከኮምፒውተሩ ተረክባ፣ ካወጣው ሐሳብ ደህና ደህናውን መርጣ ራሷ አበላችው፤ 10 ኪሎ ያህል ቀነሰ።